በተክል አኳሪየም ውስጥ ማዳበሪያን መመጠን፣ አልጌን መግታት

የአኳሪየሙ መስታወት አረንጓዴ መልበስ ሲጀምር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያደርገው የማዳበሪያውን ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ መልሶ ማስቀመጥ ነው። ሐሳቡ ቀና ይመስላል፤ አልጌም ምግብ ካጣ ይሞታል ተብሎ ነው። አልጌ ግን በጣም ጥቂት ምግብ ይበቃዋል። ማዳበሪያው ሲቋረጥ ቀድመው የሚራቡት ትልልቆቹ ተክሎች ናቸው። የተራበ ቅጠል ይሳሳል፣ ይበሳሳል፣ እየበሰበሰ ውሃውን ያቆሽሻል፤ አልጌውም እዚያው ቅጠል ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ እዚህ የምንከተለው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ብርሃኑን እንቀንሳለን፣ ቀጥለን ተክሉን በልኩ እንመግባለን፤ አልጌውን መፋቅና ማውጣት መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ለምሳሌነት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ መካከለኛ ገንዳ እንውሰድ። ኤል ኢ ዲ መብራት፣ ፊልተርና ሂተር አለው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር የለውም። ውስጡ ቫሊስኔሪያ፣ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉ የውሃ ተክሎች፣ ጋፒ የሚባሉ ጥቂት ዓሣዎችም አሉ። ከታች ያሉት መጠኖች ሁሉ ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዳ የተሰሉ ናቸው።

1. ትክክለኛውን ሊትር እወቁ

የገንዳውን የውስጥ ርዝመት፣ ወርድና የውሃውን ከፍታ በሴንቲሜትር ለክታችሁ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 80 በ35 በ40 ከሆነ 112 ሊትር ይመጣል። ጠጠሩ፣ ድንጋዩና እንጨቱ የያዙት ቦታ ሲቀነስ 100 ሊትር ገደማ ይቀራል። ሻጩ የነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ ማዳበሪያ አትመጥኑ፤ እሱ የሚነግራችሁ ባዶውን ሳጥን ነው።

2. ብርሃኑን ቀንሱ

ብርሃን ከድስቱ ሥር ያለው እሳት ነው። እሳቱ ከበረታ ዘይቱም ውሃውም ቶሎ ቶሎ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ወጡ ያራል። መብራቱ ሲበረታ ተክሉ ካርቦን፣ ናይትሮጂንና ብረት በብዛት ይፈልጋል። ሲሊንደር በሌለበት ገንዳ ደግሞ ካርቦኑ ምንጊዜም እጥረት ነው፤ የቱንም ያህል ማዳበሪያ ቢጨመር ያንን ጉድለት አይሞላም። ተክሉ ያልተጠቀመበት ብርሃን ለአልጌ ይተርፋል።

በቀን 6 ሰዓት በቂ ነው። ሰው ቤት በሚኖርበት ጊዜ እንዲበራ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት አድርጉት። ተክሎቹ ጤነኛ ሆነው አልጌ ሳይታይ አንድ ወር ካለፈ ወደ 7፣ ከዚያም ወደ 8 ሰዓት መጨመር ይቻላል። ከ8 በላይ መሄድ ግን ለዚህ ገንዳ ትርፉ አይታየኝም።

ማብራት ማጥፋቱን ለታይመር ተዉት። እዚህ ላይ አንድ የሀገራችን ጣጣ አለ። በጥርስ የሚዞረው መካኒካል ታይመር መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ፕሮግራሙ በሦስት ሰዓት ይንሸራተትና እናንተ ተኝታችሁ ገንዳው እስከ እኩለ ሌሊት ያበራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ የራሱ ባትሪ ያለውን ዲጂታል ታይመር ግዙ፤ ካልሆነም መብራት በተመለሰ ቁጥር ሰዓቱን አስተካክሉ።

ገንዳው መስኮት አጠገብ ካለ ቦታውን ቀይሩ፤ ካልተቻለ ጀርባውንና ጎኑን ጥቁር ወረቀት ለጥፉበት። የበጋ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሁለት ሰዓት ካረፈችበት የታይመሩ ልፋት ከንቱ ነው።

3. የምትቀይሩትን ውሃ አዘጋጁ

በየሳምንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ውሃ ይቀየራል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድታችሁ ክዳን ሳታደርጉ 24 ሰዓት ስታቆዩት ክሎሪኑ በአብዛኛው ይተናል፤ በአየር ፓምፕ ካንፈቀፈቃችሁት ይፈጥናል። ክዳኑ በተገጠመ ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ ግን ክሎሪኑ ወጥቷል ብላችሁ አትተማመኑ። ሶዲየም ቲዮሰልፌት ያለበት የክሎሪን ማጥፊያ ካላችሁ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከቆይታ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደውን ቀይ ውሃ ለሽንት ቤት ተውት። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ለሞቃት አገር ዓሣ ቀዝቃዛ ነው፤ ገንዳው 24 ዲግሪ ከሆነ የሚገባውም ውሃ ፈልቶ በመጣ ውሃ ተበርዞ ወደዚያው ይጠጋ። አንዱ ሰፈር ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ፣ ሌላው ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ስለሚደርሰው የውሃው ጥንካሬ ይለያያል። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለማያጣው እናንተ መጨመር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ የጠነከረ ነው ማለት ነው።

4. ማዳበሪያውን በጥብጡ

በመጀመሪያ ስለማይገባው እንነጋገር። ዩሪያ፣ ዳፕና ኤን ፒ ኤስ በየገበሬው ቤት ስላሉ «ማዳበሪያ ያው ማዳበሪያ ነው» ብሎ ቁንጥር የሚጨምር አይጠፋም። ለጤፍ የሚሆነው ለዓሣ አይሆንም። የኤን ፒ ኤስ ናይትሮጂን በአሞኒየም መልክ ነው፤ ዩሪያም ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ አፍርሶት ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አንድ ግራም ኤን ፒ ኤስ 100 ሊትር ውስጥ ሲገባ ውሃው በሊትር 2 ሚሊግራም የሚጠጋ የአሞኒየም ናይትሮጂን ይይዛል። ፒ ኤቹ (አሲዳማነቱን ወይም አልካላይነቱን የሚያሳየው ቁጥር) ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ ይህ ዓሣውን ሊፈጅ ይችላል። ዓሣው ቢተርፍ እንኳ ውሃው በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ሾርባ ሊሆን ይችላል። የከብት ፍግ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

የሚያስፈልጋችሁ በአበባ እርሻዎች ውስጥ ከመስኖ ውሃ ጋር እየተቀላቀሉ የሚሰጡት በሙሉ የሚሟሙ ጨዎች ናቸው፤ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌት፣ ፖታሲየም ሰልፌት፣ ማግኒዚየም ሰልፌትና ማይክሮ የሚባለው የብረት፣ የማንጋኒዝ፣ የዚንክና የቦሮን ድብልቅ። የግሪንሃውስ ግብዓት የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ጠይቁ። ኬሻ ሙሉ እንዳትገዙ፤ ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ተካፍላችሁ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ብትይዙ ለዓመታት ይበቃል። ማግኒዚየም ሰልፌት በፋርማሲም ኢፕሶም ሶልት በሚል ስም ይገኛል። ፖታሲየም ናይትሬት እሳት አባባሽ ስለሆነ ከከሰል ምድጃና ከሕፃናት አርቃችሁ አስቀምጡ።

ሌላው መሣሪያ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙባት ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ናት። የሻይ ማንኪያ አትመኑ፤ የጨው ፍሬ መጠኑ ስለሚለያይ አንዱ ማንኪያ ከሌላው በብዙ ይበልጣል።

ሁለት ጠርሙስ እናዘጋጃለን። ፎስፌትና ብረት በወፍራሙ ተበጥብጠው አንድ ላይ ከተቀመጡ ተያይዘው ይዘቅጣሉና አንድ ጠርሙስ ውስጥ አይገናኙም።

የመጀመሪያው ጠርሙስ፦ በ500 ሚሊሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 25 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት፣ 4 ግራም ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌትና 15 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት አድርጉና ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ወዝውዙ። ሰልፌቱ ዘገምተኛ ስለሆነ ለብ ባለ ውሃ ብትጀምሩ ይቀላል። ከዚህ 10 ሚሊሊትር 100 ሊትር ውስጥ ሲገባ በሊትር 3 ሚሊግራም ናይትሬት፣ ከግማሽ ሚሊግራም ትንሽ የሚበልጥ ፎስፌትና 3.5 ሚሊግራም ፖታሲየም ይሰጣል።

ሁለተኛው ጠርሙስ፦ የማይክሮ ድብልቁ ነው። በዕቃው ላይ የብረቱን መቶኛ አንብቡ። ለምሳሌ 13 በመቶ ከሆነ 5 ግራም በ500 ሚሊሊትር ውሃ በጥብጡ፤ 10 ሚሊሊትሩ ለ100 ሊትር 0.13 ሚሊግራም በሊትር ብረት ይሰጣል። ብረቱ ኢ ዲ ቲ ኤ በሚባለው፣ ብረትን እንደሟሟ በሚያቆይ ኬሚካል የታሰረ ከሆነና ውሃችሁ ፒ ኤቹ ከ7 በላይ ከሆነ ቶሎ ይፈታና ይዘቅጣል፤ ለእንዲህ ዓይነት ውሃ ዲ ቲ ፒ ኤ በሚባለው ተመሳሳይ ኬሚካል የታሰረው ይመረጣል። ጠርሙሱ በፌስታል ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ብርሃን ያፈርሰዋል፣ ሙቀት ያሻግተዋል። በትልቁም «አይጠጣም» ብላችሁ ጻፉበት።

ሌላ ጨው ወይም ሌላ ልክ ያለው ገንዳ ካላችሁ ስሌቱ ይህ ነው፦ ግራሙን በመቶኛው አባዙ፣ በ10 አባዙ፣ ለሊትሩ አካፍሉ፤ የሚመጣው ሚሊግራም በሊትር ነው። ፖታሲየም ናይትሬት 61 በመቶው ናይትሬት ነው። ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌት 70 በመቶው ፎስፌት፣ ፖታሲየም ሰልፌት 45 በመቶው ፖታሲየም፣ ኢፕሶም ሶልት ደግሞ 10 በመቶው ማግኒዚየም ነው።

5. የሳምንቱ አሠራር

ቅዳሜ ጠዋት ገና ውሃው ሳይቀየር መስታወቱን ፋቁ፣ የሞቱና የቆሸሹ ቅጠሎችን ቁረጡ፣ ከዚያ ውሃውን በቱቦ ስባችሁ አውጡ። የፊልተሩ ስፖንጅ በወጣው ውሃ ይታጠብ፤ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ አሞኒያን የሚያጠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። አዲሱን ውሃ ሙሉና ከመጀመሪያው ጠርሙስ 10 ሚሊሊትር ጨምሩ። ከሁለተኛው 5 ሚሊሊትር እሑድ፣ 5 ሚሊሊትር ረቡዕ። ውሃችሁ ለስላሳ ከሆነ በወር ሁለቴ 2 ግራም ኢፕሶም ሶልት አክሉ።

ውሃ መቀየሩ ቆሻሻ ከማውጣት በላይ ጥቅም አለው። በየሳምንቱ 3 ሚሊግራም ናይትሬት እየጨመራችሁ ግማሹን ውሃ ብትቀይሩ፣ ተክሉ ምንም ባይበላ እንኳ ከማዳበሪያው የሚጠራቀመው ከ6 አያልፍም። 30 በመቶ ብትቀይሩ ጣሪያው 10 ነው። ካልቀየራችሁ ጣሪያ የለውም። አሜሪካዊው ቶም ባር ያስፋፋው፣ በብዛት መጨመርና በየሳምንቱ ግማሹን መቀየር የሚለው ዘዴ የቆመው በዚህ ሒሳብ ላይ ነው። የእሱ መጠን ግን ኃይለኛ መብራትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላለው ገንዳ ስለሆነ እንዳለ ገልብጣችሁ አትውሰዱት። ውሃ ጠፍቶ ሳምንቱ ካለፋችሁ ከመጀመሪያው ጠርሙስ የምትጨምሩትን ግማሽ አድርጉ።

የዓሣ ምግብም ማዳበሪያ ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የማያልቅ ምግብ ታች ወርዶ አሞኒያና ፎስፌት ይሆናል። ዓሣ የበዛበት ገንዳ ናይትሬቱ በመለኪያ ከ20 በላይ ካሳየ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ተዉና ፖታሲየም ሰልፌትና ማይክሮ ብቻ ስጡ። ርካሹ የወረቀት መለኪያ ስንት እንደሆነ በትክክል አይነግራችሁም፤ ዜሮ ይሁን ብዙ ለመለየት ግን ያገለግላል።

6. ቅጠሉን አንብቡ

ችግሩ አሮጌው ቅጠል ላይ ነው ወይስ አዲሱ ላይ? ይህ ጥያቄ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲያንሱ ተክሉ ከታችኛው ቅጠል አውጥቶ ለቡቃያው ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚጎዳው አሮጌው ነው። ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጂን፣ ትንንሽ ቀዳዳ ካወጣና ዙሪያው ከቢጨ ፖታሲየም፣ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ከነጣ ማግኒዚየም ጠርጥሩ። ብረትና ካልሲየም ግን ከተቀመጡበት አይነሱም። አዲሱ ቅጠል ነጣ ብሎ ከወጣ ብረት ነው፤ ተጠማዞ ከወጣ ካልሲየም።

አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የተበላሸ ቅጠል አይድንም፤ መፍረድ ያለባችሁ ከለውጡ በኋላ በወጣው ቅጠል ነው። አኑቢያስ በወር አንዲት ሁለት ቅጠል ስለሚያወጣ ለዚህ ምርመራ አይሆንም፤ ቫሊስኔሪያውን ተመልከቱ።

7. አልጌውን በዓይነቱ አክሙ

ቡናማ ዱቄት። አዲስ በተቋቋመ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስታወቱንም ቅጠሉንም ይሸፍናል። በስፖንጅ ጥረጉት፣ ውሃ ቀይሩ፣ ሌላ ምንም አታድርጉ። ገንዳው ሲበስል አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

ደረቅ አረንጓዴ ነጥብ። መስታወትና አኑቢያስ ላይ ይለጠፋል፣ በጥፍርም አይለቅም። ብዙ ጊዜ ብርሃኑ በዝቶ ፎስፌቱ ሲያንስ የሚመጣ ነው። መስታወቱን በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ፋቁና ለሦስት ሳምንት በሳምንት 0.15 ግራም ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌት ተጨማሪ ስጡ። «አልጌ ላይ ፎስፌት!» የሚል ሰው ይደነግጣል፤ ይደንግጥ።

ክር። ረጅምና ለስላሳ ሆኖ ተክሉ ላይ ይጠመጠማል። በጥርስ ብሩሽ እንደ ፓስታ ጠቅልላችሁ አውጡት፤ የቀረው እንደገና ስለሚያድግ በየሁለት ቀኑ ድገሙት። መብራቱ ወደ 5 ሰዓት ይውረድ። ሆርንዎርትን የመሰለ ቶሎ የሚያድግ ተክል ብታስገቡ ምግቡን ይሻማዋል።

ጥቁር ብሩሽ። የቅጠል ጠርዝና የፊልተር አፍ ላይ የሚበቅል አጭርና ጥቁር ጸጉር ነው፤ ከሁሉም ግትሩ ይህ ነው። በዘሩ ከቀይ አልጌ ወገን ነው። የሚመቸው የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ሲወጣና ሲወርድ፣ የተጠራቀመ ቆሻሻም ሲኖር ነው። ክፉኛ የተያዘውን ቅጠል ቁረጡ። ለእንጨትና ለአኑቢያስ ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ግዙ። ጠርሙሱ ላይ «10 ቮልዩም» ካለ 3 በመቶ ነው፤ «20 ቮልዩም» ከሆነ 6 በመቶ ስለሆነ በእኩል ውሃ አቅጥኑት። ለፀጉር ቀለም የሚሸጠው ክሬም አይሆንም። ፊልተሩን አጥፉ፣ በሲሪንጅ ቀስ እያላችሁ በቀጥታ አልጌው ላይ ርጩ። ለገንዳው በጠቅላላ ከ25 ሚሊሊትር አይብለጥ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ፊልተሩን አብሩ፣ 30 በመቶ ውሃ ቀይሩ። በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ሮዝና ቀይ ከተለወጠ ሞቷል። ቫሊስኔሪያና ሞስ ለዚህ መድኃኒት ስሶች ናቸውና ወደነሱ አትርጩ።

ሰማያዊ አረንጓዴ ንጣፍ። ጠጠሩን እንደ ጨርቅ ይለብሰዋል፣ ሲነካ ያሙለጨልጫል፣ ይሸታል። ይህ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ያን ቀለም የሚሰጠው ስፒሩሊናም የዚሁ ወገን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ናይትሬቱ ወደ ዜሮ በወረደበትና ውሃው በማይንቀሳቀስበት ጥግ ነው። በቱቦ ሳቡት፣ ግማሹን ውሃ ቀይሩ፣ መብራት አጥፍታችሁ ገንዳውን በብርድ ልብስ ለሦስት ቀን ሸፍኑት። ዓሣው ለሦስት ቀን ባይበላ ምንም አይሆንም። ሲገለጥ የሞተውን አውጥታችሁ ግማሹን ውሃ እንደገና ቀይሩና 1.6 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ጨምሩ፤ ናይትሬቱን በ10 ሚሊግራም ከፍ ያደርገዋል። ኤሪትሮማይሲን ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ያጠፋዋልም፣ ግን ለሰው የሚያስፈልግ አንቲባዮቲክ ለጠጠር ማጠቢያ ማዋል አይዋጥልኝም።

አረንጓዴ ውሃ። መንስኤው ብዙ ጊዜ ፀሐይ ወይም አሞኒያ ነው። ውሃ መቀየር ብቻውን አይፈታውም። አራት ቀን በጨለማ ማቆየት ወይም የዩ ቪ መብራት ያለው ፊልተር ያጠራዋል።

ገንዳው ተሸፍኖ ወይም መድኃኒት ተረጭቶበት ሳለ የአየር ፓምፑ ሌሊትም ቀንም ይሥራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የሚሞተው አልጌ ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅን ይበላል። ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ ሽፋኑን አንሱና ወዲያው ውሃ ቀይሩ። መብራት የሚጠፋ ከሆነ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ መያዝ ይበጃል።

8. የተቆረጠውን የት እናድርገው?

ከገንዳው የወጣው ውሃ ናይትሬትና ፎስፌት ስላለው ለጓሮ ጎመንና ለአበባ ማሰሮ ጥሩ ነው። የተቆረጠው ተክል ግን ወንዝ ዳር፣ ቦይ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይጣል። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው እምቦጭ በብዙ አገር የገባው ለአበባው ውበት ሲባል ነበር፤ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ ገበሬው በእጁ እየነቀለ የሚታገለው ከእሱ ጋር ነው። ሳልቪኒያና ዳክዊድ የመሳሰሉት ተንሳፋፊዎችም በአንዲት ቁራጭ ይራባሉ። ጣሪያ ላይ ወይም ቆርቆሮ ላይ ዘርግታችሁ በፀሐይ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቁ ተዉአቸው፤ ከዚያ ከኮምፖስቱ ጋር ቅበሯቸው።